አራተኛው ቸርኪ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ አስፋው ከቀትር እንቅልፋቸው ነቁ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ቀለማቸው እንዲደርቅ ግቢያቸው ካለው ኒም ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን አራት የመኪና ቸርኪዎች፣ ጎማ የሚለብሱትን ክብ ብረቶች፣ ሊያወርዱ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። ዓይናቸውን አሻሽተው እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ በቆቦ ሙቀት ጋደም ብሎ የነበረውን ሰፈር ሁሉ የቀሰቀሰ ጩኸት አሰሙ።

«ኡኡ! ያገር ያለህ! እግሯን ቆረጡብኝ!»

ጎረቤቱ የሰው እግር መስሎት ግማሹ ዱላ፣ ግማሹ መጠቅለያ ጨርቅ ይዞ ደረሰ። የተቆረጠው እግር ግን የእሜቴ ነበር። እሜቴ የአቶ አስፋው አሮጌ ፔጆ ናት፤ ከኋላዋ ረዘም ያለች ስቴሽን ዋገን፣ ድሮ ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ጎብዬ ሰውና ፍየል ይዛ ስትመላለስ የኖረች። ሞተሯ ደክሞ ከቆመች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥሩን ዓመት የዶሮ ቤት ሆና አገልግላለች። አንዲቱ ልጃቸው ኤሌኒ ስትታጭ ግን አቶ አስፋው ሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ ብለው፣ «ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በእሜቴ ነው! በኪራይ መኪና ከሄደች አስፋው አልተባልኩም!» ብለው ማሉ። መማላቸው ባልከፋ፤ ሽማግሌ ፊት መማላቸው ነው ጉዱ። ሰርጉ ደግሞ የፊታችን እሁድ ነው።

ኢንስፔክተር ማንያህልሻል ከሳጅን ሙሉጌታ ጋር ስትደርስ ላቧ ከባርኔጣዋ ሥር ይንቆረቆር ነበር። የጋይንት ደጋ ልጅ ናት። ቆቦ ከተመደበች አምስት ወሯ ሲሆን በአምስቱ ወር ውስጥ ከድንበር ጠብና ከጠፋ አህያ ሌላ መዝገብ አልከፈተችም። ስለዚህ «የተሰረቀ እግር አለ» ስትባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ ብሏታል።

እሜቴ በአራት የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣለች። ዝገቷ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀዳዳዋ በስቱኮ ተደፍኖ፣ የወተት ቀለም ተረጭታ ስታበራ የዶሮ ቤት ነበረች ቢባል ማን ያምናል። መስታወቶቿ ቀለም እንዳይነካቸው በተማሪ የፈተና ወረቀት ተሸፍነዋል። ሙሽራዋ ኤሌኒ ከመንገዱ ማዶ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናትና በዚያ ቤት ወረቀት አይቸግርም። ማንያህልሻል ጠጋ ብላ የኋላውን መስታወት ስታይ ከአሥር ሁለት ያገኘ የሳይንስ ፈተና አነበበች።

«ቸርኪዎቹን ዛፍ ላይ የሰቀላቸው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ዮናስ ነዋ! ቀቢው! አማቼ ሊሆን የነበረው!»

«የነበረው?»

«ነግሬሻለሁ እንግዲህ ልጄ፤ ሌባው እሱ ነው።»

አቶ አስፋው እንዳስረዱት ነገሩ እንዲህ ነው። ዮናስ የኤሌኒ እጮኛ ነው፤ ሥራው መኪና መቀባት ነው። ለአማቱ ብሎ የእሜቴን ሞተር አስጠግኖ አራት ወር ሙሉ ሲፍቃትና ሲቀባት ከረመ። ዛሬ ጠዋት ቸርኪዎቹን ቀብቶ፣ አፈር እንዳይነካቸውና ዶሮ እንዳይረግጣቸው በሽቦ ኒሙ ላይ ሰቀላቸው፤ ሦስቱን ከአጥሩ ወደ ውስጥ ባለው ቅርንጫፍ፣ ቦታ ሲጠብ አራተኛውን ወደ መንገዱ በወጣው። ከዚያ የቀለም መርጫ ማሽኑን «ለወልድያው ባለቤት ልመልስ» ብሎ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። አቶ አስፋው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተኙ።

«ታዲያ ዮናስ የራሱን ሰርግ መኪና ለምን ይሰርቃል?»

«ስላፈረባት! ባለፈው ሳምንት ምን አለኝ መሰለሽ? 'አባባ፣ ለክፉ ቀን የአሕመዲንን ኮሮላ ብንይዝስ' አለኝ። የአሕመዲንን!»

ሳጅን ሙሉጌታ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ተረጎመላት። አሕመዲን የሮቢት ሰው ነው፤ ነጭ ኮሮላ ለሰርግ ያከራያል። አንድ ቀን ገበያ መሀል «አያ አስፋው፣ በዶሮ ቤት ሙሽራ አይጫንም» ብሎ ቀልዶባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ አስፋው ሰላምታውን አይመልሱም።

ሊያጽናና የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቶታል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ በላቸውም በዚያ ካኪ ካፖርታቸው መጥተው የአቶ አስፋውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ነጭ ነገር ነበር፤ ማንያህልሻል ጠመኔ ነው ብላ አለፈችው።

«አይ ያንቱ ነገር!» አሉ አያ በላቸው፣ እንባ አቅርረው። «ለልጆቹ እንዲያ ባሰቡ ማግስት እንዲህ ይደረግብዎ? ግድ የለም፣ የልጆቹ አምላክ ይመልስልዎታል።»

«አሜን፣ አሜን» አሉ አቶ አስፋው ልባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ። የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ልጃቸው አድጋ መምህርት ብትሆንም ከወንበሩ የሚያወርዳቸው አልተገኘም። እሜቴን ማሳደስ ከጀመሩ ወዲህ ግን ኮሚቴውንም ዕድሩንም ረስተውታል።

አያ በላቸው ሰዓታቸውን አይተው ደንግጠው ሮጡ። ትንሽ ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ጥርት ብሎ ተሰማ። የማንያህልሻል የእጅ ሰዓት ከሞተ ሰንብቷልና ደወሉን ሰምታ ደብተሯ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ብላ ጻፈች።

ከመንገዱ ወዲያ ከአቶ አስፋው አጥር ፊት ለፊት ኡሙሃኒ በጥላ ሥር ሎሚና ቃሪያ ትሸጣለች። ከዚያ ጥላ ሥር ሆና ያላየችው ነገር እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

«ዛሬ ከስድስት ሰዓት ወዲህ እዚሁ ነበርሽ?» አለቻት ማንያህልሻል።

«የት እሄዳለሁ? ለሶላት እንኳ እዚሁ ነው የሰገድኩት።»

«ቸርኪ ይዞ ያለፈ ሰው አይተሻል?»

ኡሙሃኒ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወላሂ፣ ቸርኪ የያዘ ሰው አላየሁም።»

«እሺ፣ ማን ማን አለፈ?»

«ዮናስ ቀደም ብሎ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ ሄደ። በማዳበሪያ ደግሞ ክብ ነገር ይዟል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ የሰው ነገር አልወድም። ከዚያ ከቆላ የመጡ ሦስት አፋሮች ከነግመላቸው አለፉ። ሌላው ያው የሰፈር ሰው ነው፤ ውሃ የቀዳች፣ ልጇን ሐኪም ቤት የወሰደች፣ አያ በላቸው ለትምህርት ቤት ሥራ ሽር ጉድ ሲሉ፣ ዲያቆኑ...»

ማንያህልሻል የሰፈሩን ሰው ትታ «ክብ ነገር በማዳበሪያ» የሚለውን ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የፖሊስ ሥራ።

ዮናስ አሥር ሰዓት ላይ ከባጃጅ ሲወርድ በሳጅን ሙሉጌታ እጅ ላይ ወረደ። ቀጭን፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው። ጣቢያ አስቀመጡት።

«ማዳበሪያው ውስጥ ምን ነበር?»

«የማሽኑ ቱቦ። ተጠቅልሎ።»

«ማሽኑንስ የት አደረስከው?»

«ለባለቤቱ።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

ዮናስ ጣራውን አየ፤ ወለሉን አየ።

«ወልድያ ሄጃለሁ ብለሃል። ባለባጃጁ ግን ከወልድያ ወዲህ፣ ሮቢት ድረስ ብቻ ነው የወሰድኩት ብሏል። ሮቢት ማን ጋ ነበርክ?»

«እሱን አልናገርም ኢንስፔክተር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንብ አይገባም፤ ባለአፉ ግን እስር ቤት ይገባል።»

አልናገርም ብሎ ቀረ። ማንያህልሻል ሌባ ብዙ አይታለች፤ ሌባ ያወራል እንጂ ዝም አይልም። ይኼ ልጅ ያፈረ ነው የሚመስለው። ግን ማፈርም መስረቅም ዓይንን መሬት መሬት ያስኬዳልና ለጊዜው ጣቢያ እንዲያድር አዘዘች።

በማግስቱ ጠዋት ስትገባ የጣቢያው የብረት በር ተፍቆ፣ ዝገቱ መሬት ላይ ተከምሮ አገኘችው። ዮናስ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ማጠፊያውን ይፍቃል።

«ማን ነው ይኼን ያዘዘው?»

«ማንም» አለ ሳጅን ሙሉጌታ ፈገግ ብሎ። «እጄን ሥራ ካላስያዝኩት አብዳለሁ አለኝ። ኢንስፔክተር፣ እስከ ሳምንት ብናቆየው እኮ ጣራውንም ያዳርሰው ነበር።»

ኤሌኒ ከሥራ በፊት ለእጮኛዋ ቁርስ ይዛ መጣች። ቁርሱን ሰጥታው፣ ትንሽ አንሾካሹከው፣ ወደ ማንያህልሻል ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል።

«ኢንስፔክተር፣ አባቴን ያወቅሽው አይመስለኝም። የማለውን አያፈርስም። ቸርኪው ካልተገኘ መኪናዋ አትነሳም፤ መኪናዋ ካልተነሳች እኔ ከቤት አልወጣም። ዮናስ ሰርቋል ብሎ ካመነ ደግሞ ሰርጉ ለዘላለሙ ቀረ። የእሜቴ ዓይነት ቸርኪ አገር ለአገር ፈልገን አጥተናል፤ ከእሷ እኩል የተሠሩት ሁሉ ብረት ሆነው ቀልጠዋል። ብቻ ቸርኪውን ፈልጊልኝ፤ እለምንሻለሁ፣ እስከ እሁድ...»

ከሩቅ ደወሉ ጥርት ብሎ ተደወለ።

«ደወል! ክፍል አለኝ!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።

«ይኼ ደወል» አለ ሳጅን ሙሉጌታ ሻይውን እያማሰለ፣ «ድሮ እዚህ ድረስ አይሰማም ነበር።»

«ነፋሱ ዞሮ ይሆናል።»

«ነፋስ? ቆቦ? በዚህ ወር?» አለና ሳቀ። ማንያህልሻል ላቧን ጠረገች። ድሮ እንዴት እንደሚደወል እሷ በምን ታውቃለች፤ ለነገሩም ግድ አልሰጣትም።

ሐሙስ ወደ ሮቢት ወረዱ። አሕመዲን ቤቱ ጓሮ ኮሮላውን እያጠበ ነበር። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ጨርቁን ጥሎ ሄዶ ከመኪናው የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ወንበር እያለው ፓራውልት ላይ አይቀመጥም።

«ተነሳ እስቲ አሕመዲን» አለችው።

«ተመችቶኛል።»

«ተነሳ!»

ተነሳ። ኮሮላው እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ ፓራውልቱ ግን የወተት ቀለም ነው። ከነጩ ጋር ሲተያይ እንደ በለዘ ጥርስ ያስታውቃል።

«ይኼ የእሜቴ ቀለም አይደለም?»

«አስተግፊሩላህ!»

«የአቶ አስፋው ቸርኪ የት ነው?»

«የምን ቸርኪ? እኔ ከዚያ ሽማግሌ ላይ የወሰድኩት ነገር ቢኖር ስድብ ብቻ ነው!»

ማንያህልሻል ጓሮውን ዞረች፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ማሽኑን አየችው። የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር፤ አጠገቡ ቱቦ፣ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ። ወደ አሕመዲን ዞረች። አሕመዲን ተነፈሰ፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው።

ማሽኑ የእሱ ነው። ከዮናስ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ዮናስ እሜቴን የሚረጭበት ማሽን አጥቶ ሲጨነቅ አሕመዲን አዋሰው፤ ስሙ እንዳይነሳ ግን ሁለቱም ተማማሉ። ማክሰኞ ዮናስ ማሽኑን ሲመልስ ለውለታው የተገጨውን ፓራውልት ቀባለት፤ ያለው ቀለም የእሜቴ ትርፍ ብቻ ስለነበር እንዲህ በለዘ።

«ከስንት እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተኩል። ምስክር ከፈለግሽ መስጊዱ ይኸውና ፊት ለፊት ነው፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት የወጣ ሁሉ ቆሞ ሲያየው ነበር።»

ምስክሮቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። አሥራ ሁለቱም ዮናስን አይተውታል፤ አሥራ ሁለቱም ቀለሙ እንደማይሄድ ነግረውት ነበር። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ቃላቸውን ሲሰጡ «አረንጓዴ ይሻላል ብዬው ነበር ብለሽ ጻፊልኝ» አሉ። ማንያህልሻል ጻፈችላቸው።

እንግዲህ ዮናስም አሕመዲንም ነጹ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በፖሊስ ዘመኗ አልገጠማትም። በደስታ ወደ ቆቦ ተመልሳ ለአቶ አስፋው ነገረቻቸው፤ አማችዎ ሌባ አይደለም፣ ሮቢት ለአሕመዲን ማሽኑን ሲመልስ ነበር፣ እንኳን ደስ አለዎት አለች።

አቶ አስፋው ወደ እሜቴ ሄደው አዲሱን ቀለም በመዳፋቸው ነኩት፤ እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን መለስ አደረጉ።

«የአሕመዲን አየር ነው የቀባት?»

«ማሽኑ የእሱ ነው እንጂ ቀለሙ...»

«ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር!» አሉ አቶ አስፋው። «ሌባ ንስሐ ይገባል። አራት ወር ሙሉ የእኔን ሹሮ እየበላ፣ 'የወልድያ ማሽን ነው አባባ' እያለ! ሰርጉ ቀርቷል። ሂጂ ንገሪው።»

ማንያህልሻል ያን ቀን እራት አልበላችም። አምስት ወር ጠብቃ ያገኘችው መዝገብ ይኼ ነው፤ ንጹሑን ሰው ነጻ አወጣች፣ ነጻ በማውጣቷም ሰርጉን አፈረሰችው። እንግዲህ የሚያድነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እውነተኛው ሌባ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት አቶ አስፋው በሌባው የተነሳባቸውን ንዴት በዮናስ ላይ እየተወጡት እንደሆነ ገብቷታል፤ ቸርኪው ቢገኝ ልባቸው ይመለሳል።

ዮናስ ተፈትተሃል ቢባልም ከጣቢያው አልሄደም። የሚሄድበት ፊት አጣ፤ በሩም አንድ እጅ አረንጓዴ ቀለም ይቀረዋል።

ዓርብ ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ብቻዋን ወደ አቶ አስፋው ግቢ ሄደች። አቶ አስፋው በእሜቴ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያለቀሱ ይመስላሉ፤ ሰላምታዋን ግን መለሱ። ዶሮዎቹ ከእሜቴ ሥር ቆመው ሽቅብ ያያሉ፤ ቤታቸው ተመልሶ የሚከፈትበትን ቀን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ማንያህልሻል ከኒሙ ሥር ቆማ ሦስቱን ቸርኪዎች አየች። መጀመሪያ ጀምራ አሰበች። ሌባው ሦስቱን ትቶ አንድ ብቻ ለምን ወሰደ? መንገድ ዳር ያለውን። አንድ ቸርኪ ለመኪና አይበቃም፣ ለቁራሌው ሚዛን አይሞላም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከኡሙሃኒ ፊት፣ ማንም ሳያየው። እንዴት ሳያየው? ይኼን እያሰበች በእስክሪብቶዋ ሳይታወቃት አንዱን ቸርኪ ኳ አደረገችው።

ቸርኪው በሽቦው ላይ እየተወዛወዘ ጥርት ያለ፣ ረጅም ድምፅ ሰጠ።

ድምፁን ታውቀዋለች። ግን ከየት?

እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቆማ ቀረች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዓት ሆኖ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ያው ድምፅ፣ እህቱ። የአቶ አስፋው ዶሮዎች እንኳ ወደዚያ ዞሩ።

«አቶ አስፋው» አለች ቀስ ብላ፣ «የትምህርት ቤቱ ደወል ድሮም እንዲህ ነበር?»

«የቱ? እሱ? አይ፣ የትምህርት ቤቱማ የተሰነጠቀ የከባድ መኪና ቸርኪ ነው፤ እንደ አሮጌ ድስት ነው የሚጮኸው። አያ በላቸው 'ኮሚቴው አዲስ ደወል ይስጠን' እያለ ስንት ወር አሰልችቶኛል። ባለፈው እሁድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ይዞኝ፣ እኔ የቀለሙን ነገር እያሰብኩ...»

አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ምን አሏቸው?»

«ወይኔ አስፋው።»

«አቶ አስፋው፣ ምን አሏቸው?»

«'ማክሰኞ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ' አልኩት።»

አቶ አስፋው በከዘራቸው፣ ማንያህልሻል በሩጫ መንገዱን ተሻገሩ። ኡሙሃኒም የሰው ነገር አትወድምና ሎሚዋን ጥላ ተከተለቻቸው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከሰንደቁ አጠገብ ካለው የግራር ቅርንጫፍ ላይ የእሜቴ አራተኛ እግር ተሰቅሏል፤ የወተት ቀለም፣ ዳር ዳሩ በአርማታ ብረት ተመትቶ ትንሽ ተላልጧል። አያ በላቸው ከሥሩ ቆመው በእጃቸው ያለውን ብረት በጨርቅ ይወለውላሉ።

አቶ አስፋውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«መጡልን! ሰማችሁት አይደል ድምፁን? ሮቢት ድረስ ይሰማል እኮ! ልጆቹ ማርፈድ ትተዋል። እግዜር ይስጥልን ጌታዬ!»

«አያ በላቸው» አለች ማንያህልሻል፣ «ይኼን ከየት አመጡት?»

«ከአቶ አስፋው አጥር ላይ ነዋ። ማክሰኞ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ አሉኝ፤ ማክሰኞ ሄድኩ፤ ተሰቅሎ አገኘሁት። ያውም ቀለም ቀብተው!»

«ማንንም አላስፈቀዱም?»

«አስፈቅጃለሁ እንጂ! ደጃፋቸው ቆሜ 'አቶ አስፋው፣ ወሰድኩት!' ብዬ ጮኬ ነበር። ከውስጥ 'እ...ህ...' አሉኝ።»

«ያንኮራፉ ነበር!»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እሺ ያሉኝ ነው የመሰለኝ። መርቄያቸው ሄድኩ።» አያ በላቸው ካፖርታቸውን አሳዩ። «ቀለሙ እንኳ አልደረቀም ነበር፤ ይኼው ትከሻዬ ላይ ቀረ፤ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለ።»

ማንያህልሻል ጠመኔ ነው ብላ ያለፈችውን ግማሽ ጨረቃ አሁን በደንብ አየችው። ፊቷ በሙቀቱ ብቻ አልነበረም የቀላው።

«የአቶ አስፋው መኪና ቸርኪ ተሰረቀ ሲባል ግቢው ድረስ መጥተው አላለቀሱም? እንዴት አልጠረጠሩም?»

አያ በላቸው ተገረሙ። «የተሰረቀውማ ቸርኪ ነው። እኔ የወሰድኩት ደወል ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ብረት ደወል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ማንያህልሻል ወደ ኡሙሃኒ ዞረች። «አንቺስ? ሲያልፉ አይተሻቸዋል!»

«አይቻለሁ! ደወሉን ተሸክመው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ እንዲያውም 'እንኳን ደስ አላችሁ' ብያቸዋለሁ። አንቺ የጠየቅሽኝ ቸርኪ የያዘ ሰው ነው። ወላሂ፣ ቸርኪ የያዘ ሰው አላየሁም።»

በዚህ መሀል ኤሌኒ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ከክፍሏ ወጣች። ግራሩን ቀና ብላ አየች፤ አባቷን አየች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ቸርኪ ሦስት ቀን ሙሉ «ክፍል ግቢ!» ሲላት እንደነበር ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አቶ አስፋው ከዘራቸውን ጥለው አነሷት።

«ልጄ፣ ሌባው እኔ ነኝ» አሉ። «በራሴ አፍ ሰጥቼ በሰው ልጅ ላይ ጮህኩ። ዮናስ የት ነው?»

ዮናስ የጣቢያውን በር የመጨረሻ እጅ ቀለም ቀብቶ ብሩሹን እያጠበ ነበር። አቶ አስፋው ሲመጡ አይቶ ከአሕመዲን ማሽን የተነሳ የሚመቱት መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቁም!» አሉና ለመደገፍ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አባባ፣ አልደረቀም!»

«ይቅር በለኝ ልጄ። ሌባ አልኩህ።» መዳፋቸው አረንጓዴ ሆኗል፤ እሳቸው ግን አላዩትም። «ሰው ቸርኪ ቢጠፋበት ሌላ ይፈልጋል። እኔ የሰው ስም ነው ያጠፋሁት።»

«ስለ ማሽኑ እኔም ዋሽቻለሁ አባባ።»

«ዋሽተሃል። ግን አየር የማንም አይደለም፤ ይቅር።» አቀፉት። ኤሌኒ ለቅያሬ ያመጣችለት፣ ዮናስ እሁድ ሊለብሰው ያሰበው ሸሚዝ ጀርባ ላይ አሥር አረንጓዴ ጣቶች ቀሩ።

ቅዳሜ እሜቴ በአራት እግሯ ቆመች። ትምህርት ቤቱ ያለ ደወል እንዳይቀር አቶ አስፋው ራሳቸው፣ በእግራቸው፣ ሮቢት ድረስ ሄደው አሕመዲንን ሰላም አሉት፤ አሕመዲንም የኮሮላውን ትርፍ ቸርኪ ሰጠ። እሁድ ኤሌኒ በእሜቴ ከቤቷ ወጣች። ከኋላው መስታወት ላይ ወረቀቱን መላጥ በጥድፊያ ተረስቶ ሙሽሮቹ ከተማውን የዞሩት ከአሥር ሁለት ያገኘውን የሳይንስ ፈተና ለሕዝብ እያሳዩ ነው። ዳገቱ ላይ ሚዜዎቹ ወርደው ገፉ። የገፋ ሁሉ እልል አለ፤ ከኋላ በኮሮላው የሚከተለው አሕመዲንም ጡሩንባ ይነፋል። ማንያህልሻል መኪናዋ እስክትሰወር ቆማ አየች፤ ዓይኗን ላብ ነው ብላ ጠረገች።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ቁጭ ብላ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል ደወል ተሰማ። የኮሮላው ቸርኪ ድምፅ «ጓ» የሚል፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር የማያልፍ ነው። ይኼ ግን ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ የምታውቀው ነው።

«ሳጅን! ደግሞ ሰረቁት!» ብላ ባርኔጣዋን ይዛ ሮጠች።

ግራሩ ሥር ስትደርስ አያ በላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ብረቱን ይዘው የሚደውሉት አቶ አስፋው ናቸው። የኮሮላው ቸርኪ መሬት ላይ ወርዶ ልጆች ተቀምጠውበታል።

«አቶ አስፋው! ምን ሆኑ? እሜቴስ?»

«እሜቴ መሐላዬን ፈጽማልኛለች። ድንጋይዋ ላይ መልሻታለሁ፤ ዶሮዎቹም ገብተውባታል።» ብረቱን ለአያ በላቸው መለሱ። «ቤቴ ጭር አለ ልጄ። ኤሌኒ ጠዋት ስትወጣ በሩን ወርውራ ትዘጋው ነበር፤ በሰላም ሥራ ሄደች ብዬ ተመልሼ እተኛ ነበር። ዛሬ ማንም በር አልወረወረም። አሁን ይኼ ሲደወል ግን፣ ልጄ ክፍሏ ገባች ማለት ነው። ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ።»

ከማዶው ክፍል ኤሌኒ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አባቷን አየች። እጇን አወዛወዘችላቸውና ተመለሰች።

ማንያህልሻል ደብተሯን ከፍታ «ተገኝቷል» ከሚለው ሥር «ተሰጥቷል» ብላ ጨመረች፤ ሰዓቱንም ከደወሉ ወስዳ ጻፈች።

አያ በላቸው ብረቱን እያሻሹ ጠጋ አሉ። «አቶ አስፋው፣ እኔ እጄ ኃይለኛ ነው። አንድ ቀን ቢሰነጠቅብኝስ?»

«ኒሙ ላይ እሰቅልልሃለሁ» አሉ አቶ አስፋው። «ሦስት ይቀሩኛል።»